የምግብ ፎቶ በስልክ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ምግብ ለሚሸጡም ለሚገዙም

ደሴ ውስጥ እጅ የሚያስቆረጥም ዶሮ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ቴሌግራም ላይ ግን ወጣቸው ጥቁር ነው። ማታ በአንድ አምፖል፣ በዚያ ላይ በፍላሽ ተነስቶ፣ ቅባቱ ነጭ ነጥብ ሠርቶ፣ እንቁላሉ አመድ መስሎ። ፎቶውን ያየ ሰው ሙያቸውን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከኢንተርኔት ያወረደውን የበርገር ፎቶ ባነር ላይ አሳትሞ በሩ ላይ የሚሰቅል ቤት ታያላችሁ። ደንበኛው ፎቶውን አይቶ ይገባል፣ የሚቀርብለት ሌላ ነገር ነው፣ ከፍሎ ይወጣል፣ አይመለስም።

ሁለቱም ገበያ እያጡ ነው፣ ሁለቱንም ማዳን ይቻላል። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ፣ አንድ መስኮትና አንድ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ከዚያ የሚቀረው ምግቡን ራሱን፣ ደንበኛው እጅ ላይ የሚደርሰውን፣ እንዳለ ማሳየት ነው። ይሄን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም የፎቶ ጉልበት ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው።

ፎቶ አይተን ለምን ይርበናል?

ምግብ ስናይ ሰውነታችን ለመብላት መዘጋጀት ይጀምራል። አፋችን ምራቅ ይሞላል፣ ጨጓራ አሲድ ማመንጨት ይጀምራል። ገና አንድ ጉርሻ ሳንጎርስ ማለት ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ይሄን በውሾች ላይ ለዓመታት አጥንቷል፤ ስለ ምግብ መፈጨት በሠራው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ውሾቹ ምግቡን ሲያዩ ብቻ አይደለም ምራቃቸው የሚመጣው። ምግብ ሲመጣ አብሮ የሚሰሙትን ድምፅ ከለመዱ በኋላ ድምፁ ብቻውን ይበቃ ነበር።

ፎቶስ? ፎቶም ይሠራል። ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ፤ በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ ሲሆን ረሃብን ለአንጎል የሚነግረው እሱ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ያገኙት። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሙኒክ ያለው የማክስ ፕላንክ የሥነ አእምሮ ተቋም ጥናት አወጣ፤ ጤነኛ ወጣት ወንዶች የምግብ ፎቶ ሲያዩ ደማቸው ውስጥ ያለው ግሬሊን ጨመረ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ይሁንና ውጤቱ ሁላችንም ከምናውቀው ጋር ይገጥማል፤ ከምሳ በፊት ቲክቶክ ላይ የሚፈላ ሽሮ ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቀዋል።

ለእኛ ትልቁ ነገር ግን የፓቭሎቭ ነው። ምራቅ የሚመጣው በለመድነው ምልክት ነው። የወሎ ሰው የለመደው ምልክት ምንድን ነው? የቁሌት ቅላት፣ ከወጡ ላይ ፈቀቅ ብሎ የሚንሳፈፍ ቅባት፣ የእንጀራ ዓይን፣ ከሸክላ የሚወጣ እንፋሎት፣ ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ክብ ሆኖ የቀረበ ገበታ። ከውጭ የወረደ ፎቶ ላይ ያለው ቅጠል፣ ጥቁር ድንጋይ ሳህን፣ የማናውቀው አይብ ይሄን ጥሪ አይጠራም። ያምራል ሊባል ይችላል፣ ሆድ ግን አያላውስም። ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ያበሉባት ከተማ የሰው አገር ገበታ ፎቶ የምትዋስበት ምክንያት አይታየኝም። የራሳችሁን ምግብ አንሱ።

ብርሃን

ካሜራ ከመክፈታችሁ በፊት የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ማዕድ ቤት የዋለ ስልክ ሌንሱ ቅባት ይይዛል፣ ፎቶው በጭስ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። ብዙ ሰው ስልኬ አርጅቷል የሚለው ሌንሱ ሳይጠረግ ነው።

ከዚያ ፍላሹን አጥፉት። ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይቺን አድርጉ። ፍላሽ የሚያበራው እናንተ ከቆማችሁበት አቅጣጫ ስለሆነ የምግቡን ጥላ ያጠፋዋል። ጥላ ሲጠፋ ጥብሱ ቁርጥራጭ አይመስልም፣ ወጡ ድልህነቱ አይታይም፣ ሁሉም ነገር ሜዳ ይሆናል። የሥጋ ጠርዝ፣ የሽሮ አረፋ፣ የክትፎ ለስላሳነት የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመታው ነው።

ስለዚህ ሳህኑን መስኮት ዳር አስቀምጡ። ጀርባችሁን ለመስኮቱ አትስጡ። ብርሃኑ ከሳህኑ ጎን ይምጣ፣ ወይም ከሳህኑ ማዶ ወደ እናንተ ይምጣ። ከመስኮቱ ተቃራኒ ባለው በኩል ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ካርቶን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ብርሃኑን መልሶ ወደ ጠቆረው ጎን ይወረውረዋል። ወረቀቷን አንዴ አስጠጉ፣ አንዴ አርቁ፤ ጥላው ሲሳሳና ሲጠቁር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ደስ ያላችሁ ላይ አቁሙ። ማዕድ ቤታችሁ መስኮት ከሌለው በር አለው። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ከደፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ በርጩማ ላይ አንሱት። በዚያ ሰዓት የክፍሉን አምፖል አጥፉ፤ የቀን ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲደባለቁ የሳህኑ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል።

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ብርሃናቸው አንድ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ክረምት ጭጋጉ ጦሳን ሲሸፍነው ብዙ ሰው ዛሬ ፎቶ አይወጣም ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ብርሃን እሱ ነው። ሰማዩ ሁሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሆናል፣ ጠንካራ ጥላ የለም፣ ቅባቱ ላይ የሚያቃጥል ነጭ ነጥብ አይወጣም። አንድ ችግር ብቻ አለው፣ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ይስባል። ካሜራችሁ ላይ የደመና ምልክት ያለበት የቀለም ማስተካከያ ካለ እሱን ምረጡ፣ ከሌለ ከተነሳ በኋላ ሙቀቱን በጥቂቱ ጨምሩ። የደሴ ብርድ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንፋሎት በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ኮምቦልቻ ላይ ያው ሽሮ፣ ያው ሸክላ፣ እንፋሎቱ ቶሎ ይጠፋል።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፣ ፀሐዩም ይከራል። እኩለ ቀን ላይ ውጭ አታንሱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ይሻላል። ግድ እኩለ ቀን ላይ ማንሳት ካለባችሁ ጥላ ውስጥ ግቡ፣ ወይም መስኮቱ ላይ ነጭ ነጠላ ወይም ስስ መጋረጃ ጣል አድርጉ። ነጠላ ለዚህ የተሠራ ይመስል ብርሃኑን አለስልሶ ያሳልፋል።

ጥላ ስትፈልጉ ግን ቀለሙን እዩ። ይሄን ማንም አይናገርም፣ እኔ ግን በየቀኑ የማየው ጥፋት ነው። በሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ እንጀራ ሰማያዊ ይሆናል። በቀይ ጃንጥላ ሥር የተነሳ ክክ አልጫ ቀይ ወጥ ይመስላል። አረንጓዴ ላስቲክ ሥር ያለ ጥሬ ሥጋ የከረመ ይመስላል። የእኛ ዓይን ይሄን እያስተካከለ ስለሚያይ አይታወቀንም፣ ካሜራው ግን ያየውን ይጽፋል። ሰማያዊው በተለይ የምግብ ጠላት ነው። በአሜሪካ አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አለ፤ ቁርስ በሰማያዊ ብርሃን የቀረበላቸው ወንዶች የበሉት መጠን ቀንሷል፤ ሴቶቹ ላይ ያ ለውጥ አልታየም። ነጭ ሸራ፣ ነጭ ግድግዳ፣ የዛፍ ሥር ሳይሆን የቤት ጥላ ፈልጉ።

ባነር ላይም ያው ነገር ይመጣል። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ባነር መጀመሪያ የሚለቀው ቢጫና ቀይ ቀለሙ ነው። ከጊዜ በኋላ የሚቀረው ሰማያዊና ጥቁር ብቻ ይሆናል። ዋናው መንገድ ላይ በዚህ የተነሳ ሰማያዊ ክትፎ የሚያሳዩ ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ባነር ከሌለ ባነር ይብሳል። አውርዱት።

ማታ ማንሳት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ በረመዳን የአፍጥር ምግብ የሚሸጥ ሰው። ከቻላችሁ ናሙናውን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሠርታችሁ አንሱት። ካልሆነ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ነጭ ኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ ጎን አድርጉና ፊታቸው ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ አርቃችሁ ዘርጉ፤ ጨርቁ አምፖሉን እንዳይነካ።

እንጀራው ሳይነድ ወጡ ሳይጠቁር

የእኛ ምግብ ለካሜራ ከባድ ነው። ከሥር ነጭ እንጀራ፣ ከላይ ጠቆር ያለ ቀይ ወጥ። ስልኩ ወጡን ለማሳየት ሲያበራው እንጀራው ይነድና ዓይኑ ይጠፋል፣ ወረቀት ይሆናል። እንጀራውን ለማዳን ሲያጠቁረው ደግሞ ወጡ ጭቃ ይሆናል። መፍትሔው እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ እንጀራውን በጣት ንኩት። አብዛኛው ስልክ ላይ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። የእንጀራው ዓይን ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ምልክቷን በትንሹ ወደ ታች ሳቡ። አሁን ወጡ ከጠቆረባችሁ ብርሃኑን በስልኩ አትጨምሩ፤ ነጭ ወረቀቷን ወደ ወጡ አስጠጉ። ልዩነቱ ያስገርማችኋል። ሠርገኛ ጤፍ ከሆነ ሥራው ይቀላል፣ ከወጡ ጋር ያለው ርቀት ያንሳል።

ዶሮ ወጥ ውበቱ ቅባቱ ላይ ነው። ብርሃኑ ከማዶ ሲመጣ ቅባቱ ላይ ያርፍና ያብረቀርቃል፣ ቀዩም ይወጣል። እንቁላሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ቢጫው ሲታይ ሳህኑ ሁሉ ነፍስ ይዘራል። ካሜራው ሰው ተቀምጦ ገበታ በሚያይበት ከፍታ ይሁን፣ ማለትም ከላይም ከጎንም ሳይሆን መሐል። ፍጠኑ፣ በተለይ ደሴ ላይ። ቂቤው በብርዱ ቶሎ ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ወጡ ላይ ደብዛዛ ቆዳ ይሠራል፣ ያንን ደግሞ ምንም ኤዲት አያድነውም። መጀመሪያ ባዶ ሳህን አስቀምጣችሁ ብርሃኑንም አቀማመጡንም ጨርሱ፣ ከዚያ ነው ወጡ የሚወጣው። ክትፎም ልክ እንደዚሁ ነው፤ ለብ ለብ ባለበት ቅጽበት ያበራል፣ ትንሽ ከቆየ ይደበዝዛል።

በያይነቱ ቀለሙ ነው ሥራውን የሚሠራው። ምስሩ ቀይ፣ ክኩ ቢጫ፣ ጎመኑ አረንጓዴ፣ ቀይ ሥሩ ወይን ጠጅ። ይሄን ከጎን ማንሳት ማባከን ነው። በርጩማ ላይ ቁሙና ስልኩን ከትሪው አናት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የትሪው ክብ ሙሉ ለሙሉ ይግባ። የራሳችሁ ጥላ እንዳይወድቅበት መስኮቱ ከጎናችሁ ይሁን። ሲቀርብም ተመሳሳይ ቀለሞች ጎን ለጎን አይሁኑ፣ በቀዩና በቀዩ መሐል ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይግባ። እንጀራው ጠርዙ እንዳይደርቅ እስኪነሳ ድረስ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት።

ሽሮ ሲፈላ ካልሆነ አታንሱት። ከፈላ በኋላ ካሜራ ፊት ምንም አይናገርም። ሸክላው ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር ይኑር፣ ጥቁር ጨርቅም የእንጨት በርም ይሆናል፣ ብርሃኑ ደግሞ ከማዶ ይምጣ። እንፋሎት የሚታየው ጥቁር ፊት ለፊት ሲሆን ነው፤ ከነጭ ግድግዳ ፊት ይጠፋል። እዚህ ላይ ከፎቶ ይልቅ አጭር ቪዲዮ ይሻላል። የሸክላ ጥብስም እንዲሁ፣ ድምፁ ጭምር ይሸጣል፣ ስለዚህ ሙዚቃ አታልብሱበት። የጥብሱ ቃሪያና ሽንኩርት ሲቀርብ ወደ ላይ ይውጣ።

ጠጅ በብርሌ፣ ስፕሪስ በብርጭቆ፣ ሁለቱም ብርሃን ከጀርባቸው ይፈልጋሉ። ቡና ላይ ደግሞ ሲኒው ሳይቀዘቅዝ ሲቀዳ አንሱ። በርገርና ሳንድዊች ከጎን ነው፣ በዓይን ከፍታ፣ ውስጡ እንዲታይ። ሳምቡሳ አንዱን ገምሳችሁ ምስሩን አሳዩ።

ቀኝ እጅ

እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት የገበያ ተመራማሪዎች፣ ራየን ኤልደርና አራድና ክሪሽና፣ አንድ ቀላል ነገር አሳዩ። የማስታወቂያ ፎቶ ላይ ማንኪያው ወይም የሲኒው ጆሮ ተመልካቹ በሚጠቀምበት እጅ በኩል ሲሆን የመግዛት ፍላጎቱ ይጨምራል። ሰውዬው ሳይታወቀው በሐሳቡ አንስቶ መብላት ይጀምራል። የእኛ ሰው የሚበላው በቀኝ እጁ ነው፣ ግራ እጅ ገበታ ላይ ነውር ነው። እንግዲያው የተጠቀለለውን እንጀራ በፎቶው ቀኝ በኩል አስቀምጡ። የጉርሻ ያህል ተቆርሶ ወጡን የነካ እንጀራ ካለ ከቀኝ በኩል ይምጣ። የሚጎርስ እጅ ማሳየት ከፈለጋችሁ ቀኝ እጅ ይሁን፣ ጥፍሩ የተቆረጠ፣ የታጠበ። የሲኒው ጆሮም ወደ ቀኝ ይዙር። ምንም ወጪ የለውም።

ከፎቶው ውስጥ የሚወጡ ነገሮችም አሉ። ጄሪካን፣ የሳሙና ሳህን፣ የሒሳብ ደብተር፣ ቻርጀር። የሳህኑን ጠርዝ በሶፍት ጥረጉ። አንድ ነገር ደግሞ በእኛ ከተማ የግድ ነው። ከጥብሱ ጀርባ የቢራ ጠርሙስ ከታየ ብዙ ሙስሊም ደንበኛ ፎቶውን ዘሎት ይሄዳል፣ ምግቡን ቢወደውም እንኳ። ጠርሙሱን አንሱት።

ምን ማድረግ ይቻላል፣ ምን አይቻልም

የምግብ ማስታወቂያ ረጅም የማታለል ታሪክ አለው። በሽሮፕ ፈንታ የሞተር ዘይት፣ በወተት ፈንታ ነጭ ሙጫ፣ በአይስክሬም ፈንታ የተፈጨ ድንች የሚጠቀሙ ባለሙያዎች ነበሩ። ካምቤል የተባለው የአሜሪካ የሾርባ ኩባንያ ማስታወቂያ ሲሠራ ሳህኑ ውስጥ ከሾርባው ሥር ብይ ተደርጎበት ነበር፣ አትክልቱ እንዳይሰምጥና ሾርባው የሞላ እንዲመስል። የአገሩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞት እ.ኤ.አ. በ1970 ኩባንያው ድርጊቱን ለማቆም ተስማማ። ብዩ የሚበላ ነገር አልሰረቀም፣ ያታለለው ዓይንን ነው፣ እሱም ማታለል ነው ተብሏል።

በሌላ በኩል የማክዶናልድስ የካናዳ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2012 የበርገሩ ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ በቪዲዮ አሳይቷል። ሥጋው፣ ዳቦው፣ አይብና ሽንኩርቱ ከሱቁ ጋር አንድ ናቸው፤ ፎቶው ላይ ግን ሁሉም ወደ ፊት ተጎትተው ተሰድረዋል፣ ምን ምን እንዳለበት እንዲታይ።

መስመሩ ያለው እዚህ መሐል ነው። ያለውን ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል። የሌለውን መጨመር አይቻልም። ዶሮ ወጡ የሚሸጠው በአንድ ብልትና በአንድ እንቁላል ከሆነ ፎቶው ላይ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይቀመጥ። ጎኑ ላይ ያለው አይብ ለብቻው የሚከፈልበት ከሆነ ወይ አውጡት ወይ ከፎቶው ሥር ጻፉት። ለፎቶ ተብሎ ለሦስት ሰው የሚበቃ ሥጋ ሸክላ ላይ ከምሮ በአንድ ሰው ዋጋ መለጠፍ ደግሞ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉን ግን ዋና ምክንያት አላደርገውም። ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ፒያሳ የተታለለ ሰው ማታውን ሰኞ ገበያ ላይ ያወራዋል።

ፊልተር ላይ አልቆይም። ብርሃኑን ትንሽ ማስተካከል፣ ያዘነበለውን ማቅናት፣ ጠርዙን መቁረጥ በቂ ነው። ቀዩን ከፍ ከፍ ስታደርጉት ምስሩም ዶሮውም አንድ ይሆናሉ፣ ሥጋውም ቀለም የተቀባ ይመስላል።

መቼና እንዴት ይለጠፍ

የራበው ሰው የምግብ ፎቶ ከጠገበው በላይ ይስበዋል። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ምሳ የሚወጣው 6 ሰዓት አካባቢ ነው እንበል፤ 6 ሰዓት ላይ መለጠፍ ረፍዷል፣ ወስኖ ጨርሷል። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስትለጥፉ ለመደወልም፣ እናንተም ለማድረስ ጊዜ ይኖራል። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወጡ ሾፌሮችን የምትጠብቁ ከሆነ ደግሞ ቁርስ ላይ አተኩሩ፣ ማለዳ የሚታይ ፎቶ ይኑራችሁ።

ቀኑንም እዩ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይቅደም፤ በሁዳዴማ ጨርሶ ሌላ ሜኑ ነው። የጾም በያይነቱ በጥሩ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ከሌላችሁ ዛሬውኑ አንሱ፣ ዓመቱን ሙሉ ይሠራላችኋል። ሥጋ ስትለጥፉ የሙስሊም ወይም የክርስቲያን መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ፎቶ ይሄን አይናገርም፣ ደንበኛው ደግሞ እርግጠኛ ካልሆነ አይደውልም፣ ለመጠየቅም ያፍራል። ዋጋው፣ ስንት ሰው እንደሚያጠግብ፣ ቦታው በሰፈር ስም፣ ስልክ ቁጥሩ። ዋጋ በውስጥ መስመር የሚለውን ተዉት፣ ምራቁ የመጣ ሰው አይጠብቅም።

ብዛት አያስፈልግም። በዩታ ያለው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አግኝተዋል። ጨዋማ ምግቦችን የሚያሳዩ ብዙ ፎቶዎች እያዩ እንዲመዝኑ የተደረጉ ሰዎች ቀጥሎ ጨው ያለው ኦቾሎኒ ሲሰጣቸው ብዙም አልጣማቸውም። በሐሳብ በልተው ጠግበዋል። አንድ ቻናል ላይ አንድ ዓይነት ክትፎ ሃያ ጊዜ የሚለጥፍ ሰው የራሱን ገበያ እያጠገበው ነው። ለአንድ ምግብ አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ፎቶ ይበቃል፤ በማግስቱ ሌላ ምግብ ይምጣ።

ገዢ ሆናችሁ ስታዩ

እዚህ ድረስ ለሻጭ ነው የጻፍኩት። ገዢም ግን ይሄን ማወቅ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ፎቶ ስናይ የሚመጣው ረሃብ ሁልጊዜ የጨጓራ ባዶነት አይደለም። ከበላችሁ ሰዓት ካልሞላ፣ ስልኩን አስቀምጡና ውሃ ጠጡ። ምራቃችሁ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ያኔም ካማራችሁ እዘዙ።

ለማዘዝ ስትወስኑ መጠኑን የምታነጻጽሩበት ነገር ፈልጉ። በጣም ቀርቦ የተነሳ ፎቶ መጠን ይደብቃል፤ አንድ ማንኪያ ክትፎ ተራራ ሊመስል ይችላል። ሲኒ፣ እጅ፣ ሙሉ እንጀራ አጠገቡ ካለ ትገምታላችሁ። ሳህኑንም እዩ፣ ጠረጴዛውንም እዩ። ቤቱ ሄዳችሁ የማታውቁት ዓይነት ሳህንና የማታውቁት ቅጠል ካለበት ፎቶው የነሱ አይደለም። ጥርጣሬ ካላችሁ አትፈሩ፣ ደውሉና ጠይቁ። «እትዬ፣ ይሄ ፎቶ የቤታችሁ ነው? የዛሬውን አንስታችሁ ላኩልኝ እስቲ» ቢባል የሚከፋት ባለሙያ የለችም። ምግቧን የምታምን ሴት ሸክላውን ከምድጃ ሳታወርድ አንስታ ትልክላችኋለች።

ሻጭ ለሆናችሁ አንድ የመጨረሻ ነገር። ምግቡ ሲያልቅ ፖስቱን አጥፉት ወይም «አልቋል» ብላችሁ ጻፉበት። ፎቶውን አይቶ ከሆጤ ተነስቶ በዝናብ የመጣ ሰው በር ላይ «የለም» ሲባል የሚሰማው ከተራ ረሃብ የከፋ ነው። ነገ የሚወጣበትን ሰዓት እዚያው ላይ ጻፉለት።